ድንገት የሚጥል ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም

በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በበደሌም ሆነ በያዮ፣ አንድ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ሲጨዋወት ድንገት አፉ ቢጣመም ወይም የያዘው ሲኒ ከእጁ ቢወድቅ፣ በዙሪያው ያሉት ሰዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ስም ያወጡለታል። አንዱ «ብርድ መታው» ይላል፤ ሌላው «ምች ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የሚጥል በሽታ ነው፤ ክብሪት አሽትቱት» እያለ ይጮኻል፤ ከኋላ የቆመው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር አብልተውት ነው» ሲል ይሰማል። ከነዚህ ስሞች አንዱ ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ግን የበሽተኛው ነው።

በዚህ ወር ዓምዳችን ልንናገር ያሰብነው ሐኪሞች ስትሮክ ስለሚሉት ሕመምና እርሱን መስለው ስለሚመጡ ሌሎች ሕመሞች ነው። ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን፣ ወይም ቧንቧው ፈንድቶ ደሙ በአንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚደርስ ጉዳት ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሰውነታችን ከሚፈልገው ኦክሲጅን ግን ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፤ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስንቅም የለውም። አንድ ትልቅ ቧንቧ በተደፈነበት ሰው ላይ በያንዳንዱ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ስሌት አስታውቋል።

የኢሉባቦርን አገር የሚያውቅ ሰው ደቂቃ የሚለው ቃል በዚያ ምን ያህል እንደሚከብድ ይረዳል። በቡናው ጫካ መካከል ካለ መንደር በሽተኛው በቃሬዛ ተይዞ እስከ መኪና መንገድ ይወርዳል፤ ከዚያ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ይጠበቃል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይደረሳል፤ ከጤና ጣቢያው ደግሞ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ክረምቱ ረዥም፣ ጭቃውም ብዙ ነው። ከጎሬ እስከ መቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመቱ በበደሌ በኩል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ጅማ ለመድረስ ግን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በመቱ ከተማ ያለው ሆስፒታል «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን የርዳታ ድርጅት በመሠረቱት በካርልሃይንዝ በም ስም ካርል ተብሎ እንደሚጠራ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለብዙ ወረዳዎችም ተስፋቸው እርሱ ነው። ሆኖም ማንኛውም ሆስፒታል፣ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን፣ ሊረዳ የሚችለው የደረሰለትን ሰው ነው። በዚህም ምክንያት የሕክምናው የመጀመሪያ ክፍል የሚፈጸመው በቤት ውስጥ፣ ቡና በምታፈላው እመቤት፣ ከትምህርት ቤት በተመለሰው ልጅና በጎረቤቱ እጅ ነው። ሐኪም መሆን አይጠበቅባቸውም። ጥቂት ነገር ለይተው ማየትና ያዩትን በትክክል መናገር ግን ይጠበቅባቸዋል።

መጀመሪያ ስትሮክ ራሱ እንዴት እንደሚታወቅ እንመልከት። በአሜሪካ አገር የሲንሲናቲ ከተማ ሐኪሞች የአምቡላንስ ሠራተኞች በመንገድ ላይ ሊጠቀሙበት የሚችሉትን አጭር መመርመሪያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዘጋጅተው ነበር፤ የሚመለከተውም ፊትን፣ ክንድንና ንግግርን ብቻ ነው። በሽተኛው ፈገግ እንዲል ይጠየቃል፤ የአፉ አንዱ ጥግ ተንጠልጥሎ ከቀረ ይህ አንድ ምልክት ነው። ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ እስከ ዐሥር ሲቈጠር ድረስ እንዲይዝ ይደረጋል፤ አንዱ ክንድ እየወረደ ከሄደ ይህ ሁለተኛው ነው። ቀጥሎም አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲደግም ይነገረዋል፤ ምላሱ ቢተሳሰር፣ ወይም ሌላ ቃል ቢያመጣ፣ ወይም ዝም ቢል ሦስተኛው ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ድንገት ከመጣ ስትሮክ ነው ብሎ መነሣት ይገባል።

እዚህ ላይ በኦርቶዶክሳውያን ቤት በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ቤተ ሰቡ በሽተኛውን «እስቲ አቡነ ዘበሰማያት በል» ይለዋል፤ እርሱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይሰናከል ይወጣዋል፤ ቤተ ሰቡም «ተመስገን፣ ደኅና ነው» ብሎ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ጸሎት፣ ዜማና የቍጥር ተራ የንግግሩ ክፍል ከተጎዳበት ሰው አፍ እንኳ ደኅና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። ስለዚህ ጸሎቱ ይጸለይ፤ መመርመሪያው ግን አዲስ የሆነ ዐረፍተ ነገር ይሁን፤ «ነገ ጧት በጉን ወደ ገበያ እንወስደዋለን» የሚለውን የመሰለ። የሚጠየቀውም በቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ነው። አፉን በኦሮምኛ የፈታውን ሽማግሌ በአማርኛ ፈትኖ «ንግግሩ ጠፋ» ማለት ፍርድ ማጓደል ነው።

ከነዚህ ሦስት ምልክቶች ሌላ የአንድ ዐይን ወይም የአንድ ወገን ብርሃን ድንገት መጥፋት፣ ቆሞ መሄድ እስኪያቅት ድረስ ሚዛን መሳት፣ እንደ መብረቅ ያለ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ የራስ ምታት የስትሮክ ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። በጠቅላላው ግን አንድ ነገር በልብ ቢያዝ ብዙ ይረዳል። ስትሮክ እንደ ሌባ ነው፤ የነበረውን ይወስዳል። የክንድን ኀይል፣ የአፍን ቃል፣ የዐይንን ብርሃን ይወስዳል። እርሱን ከሚመስሉት ሕመሞች ብዙዎቹ ደግሞ ያልነበረውን ያመጣሉ፤ መንፈራገጥን፣ በዐይን ፊት የሚብለጨለጭ መስመርን፣ ትኵሳትን፣ ላብን። ይህ ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ቢሆንም ለመነሻ ይበቃል።

ከሚመስሉት ሁሉ አስቀድመን የምናነሣው የደም ስኳር ማነስን ነው፤ ምክንያቱም ቶሎ ከታወቀ በደቂቃዎች ውስጥ የሚድን፣ ካልታወቀ ግን አንጎልን የሚያጠፋ ስለሆነ ነው። የስኳር በሽታ ያለባት አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ኢንሱሊኗን ጧት ተወግታ፣ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን ውጣ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምስ ትውላለች እንበል። ሰባት ሰዓት ገደማ ላብ ያጠምቃታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሯ ይተሳሰራል፤ አንዳንድ ጊዜም ግማሽ አካሏ ይዝላል። በዐይን ብቻ ሲያዩት ከስትሮክ የሚለየው ነገር ላይኖር ይችላል። የሚለየው የጣት ጫፍ ወግቶ ደሙን በመለኪያ ማየት ነው፤ ይህም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ስኳሩ አንሷል ማለት ነው። መለኪያው በቤት ከሌለ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ሊጠየቅ ይገባል። በሽተኛዋ ነቅታ የምትውጥ ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ፣ ወይም ማር ሰጥቶ፣ በዚያው ጊዜ መኪና መፈለግ ነው። መዋጥ የማትችል ወይም ራሷን የሳተች ከሆነች ግን በአፏ ምንም አይግባ፤ ወደ ሳምባዋ ይሄዳልና። ጤና ጣቢያው ስኳሩን በደም ሥር ይሰጣታል።

መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡን የተወ ሕመምተኛ ጾመ ልንለው አንደፍርም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕሙማንን አያስጨንቅም፤ የንስሐ አባት ያሉትም ለዚህ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የንስሐ አባትንና መድኃኒቱን ያዘዘውን ሐኪም። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ሊለውጥ ይችላል፤ አባትም እንደ አቅም እንዲጾም ሊፈቅዱ ይችላሉ። በምስጢር መጾም፣ በተለይም ከልጆች ተደብቆ መጾም፣ አደጋ በመጣ ጊዜ ምክንያቱ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ሁለተኛው የሚጥል በሽታ ነው። ሰውየው ከተንፈራገጠ፣ አረፋ ከደፈቀ፣ ምላሱን ከነከሰ፣ ሽንቱ ካመለጠው በኋላ አንድ ክንዱና እግሩ ለጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ያህል ሊዝል ይችላል። ሐኪሞች ይህን መዛል እ.ኤ.አ. በ1849 በጻፈበት በሮበርት ቤንትሊ ቶድ ስም ይጠሩታል። ይህን ሰው ከተንፈራገጠ በኋላ ያገኘው ሁሉ ስትሮክ ነው ሊል ይችላል። እውነቱን የሚያውቀው አነሣሡን ያየው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በመኪናው ላይ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ያ ምስክር ነው፤ ልጅም ቢሆን፣ የቤት ሠራተኛም ብትሆን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው የቤቱ ታላቅ ሰው ሲሆን፣ በዐይኗ ያየችው ልጅ ቤት ጠባቂ ሆና ትቀራለች።

የክብሪቱ ነገር ይታወቅ ዘንድ እንወዳለን። መንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ በዚያው ሰዓት ክብሪት የተጫረ እንደሆነ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስደዋል። ጭሱ ግን የሚያደርገው ነገር ቢኖር የተቸገረውን ትንፋሽ ይበልጥ ማስቸገር ነው። ጥርስን በማንኪያ መፈልቀቅም ጥርስን ይሰብራል። በሽተኛውን በጎኑ አስተኝቶ፣ አንገቱን አላልቶ፣ ሰዓት ማየት ነው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከዚህ ቀደም ወድቆ የማያውቅ ጎልማሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲንፈራገጥ «የሚጥል በሽታ ያዘው» ተብሎ አይተው፤ ስትሮክ ራሱ አንዳንድ ጊዜ በመንፈራገጥ ይጀምራልና። ነፍሰ ጡርና አራስ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። የራስ ምታትና የዐይን መፍዘዝ ቀድሞ፣ መንፈራገጥ ቢከተል፣ ይህ ከደም ግፊት የሚመጣ የወላድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል «አራስ ናት፣ ብርድ ነው» ተብሎ አንዲት ሰዓት እንኳ አይባክንበት።

ስለ ፊት መጣመም ጥቂት እንጨምር፤ ሕዝባችን በብዛት የሚሳሳተው በእርሱ ነውና። ከፊት ነርቭ መታመም የተነሣ፣ ያለ ስትሮክ፣ የፊት አንድ ወገን የሚዝልበት ሕመም አለ፤ ቻርልስ ቤል የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም ከጻፈበት ጊዜ ጀምሮ በእርሱ ስም ይታወቃል። የሚለየውም በግንባር ነው። በሽተኛው ቅንድቡን ወደ ላይ እንዲያነሣ ይጠየቅ። ግንባሩ በሁለቱም ወገን ከተሸበሸበና የዘለው የታችኛው ፊት ብቻ ከሆነ ስትሮክን መጠርጠር ነው፤ የግንባር ጡንቻዎች ከአንጎል ሁለት ወገን ትእዛዝ ስለሚቀበሉ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይደርስላቸዋል። በዘለው ወገን ግንባሩም ለስላሳ ሆኖ ከቀረ፣ ዐይኑም አልከደን ካለ፣ ክንዱና ንግግሩም ደኅና ከሆኑ፣ የፊት ነርቭ ሕመም መሆኑ ያመዝናል። ይህም ቢሆን በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ቢያየው የሚጠቅም መድኃኒት አለው። «ብርድ ነው» ተብሎ በቅጠል እየታሸ ሳምንት የሚቆይ ሰው ያን ዕድል ያጣል። የግንባሩ መለያ ሁልጊዜ እንደማይሠራና ለሐኪሙ ፍርድ ብቻ የሚተው ጊዜ እንዳለም መርሳት አይገባም።

ሌሎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። በቤተ ክርስቲያን ረዥም ሰዓት ቆሞ ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው፣ ጋደም ካለ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነቅቶ እንደ ቀድሞው ከተናገረ፣ ስትሮክ መሆኑ ሩቅ ነው። በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው በትኵሳትና በብርድ ብርድ ከተያዘ በኋላ ቢቃዥ ወይም ራሱን ቢስት፣ አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሌሊቱን የማያሳድር አደጋ ነው። ከሰል በተቀጣጠለበት ዝግ ቤት ውስጥ የራስ ምታትና ማጥወልወል ይዟቸው የወደቁት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከሆኑ የከሰሉ ጭስ ነው፤ ስትሮክ ቤተ ሰብን በአንድ ምሽት አይጥልምና። ደጁን ከፍቶ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣት ይቀድማል።

ስካርን ግን እንዲሁ አናልፈውም። በበዓል ቀን በመንገድ ዳር ወድቆ የሚንተባተብ ሰው አረቄ አረቄ ከሸተተ ማንም አይጠጋውም። ጠጪም ስትሮክ ይይዘዋል፤ እንዲያውም መጠጥ የደም ግፊትን ስለሚያባብስ ከሌላው ይልቅ ሊይዘው ይችላል። ስካር ሁለቱን እግር ያንገዳግዳል እንጂ አንዱን ክንድ ለይቶ አያሰንፍም። ሁለት እጁን አንሡለት፤ አንዱ እንደ ድንጋይ ቢወድቅ ያ ሰው የሚፈልገው ሐኪም ነው። በዕድሜ መታለልም አይገባም። «ገና ልጅ ናት፤ ይህ የሽማግሌ ሕመም ነው» የሚባለው በአገራችን አይሠራም፤ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልባቸው ቫልቭ የተበላሸባቸው ወጣቶች ብዙዎች ናቸውና፣ ከልብ የሚነሣ የረጋ ደም የሃያ ዓመት ልጅንም ይጥላል።

«አብልተውት ነው» ስለሚለውም ወሬ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከዚያ በፊት ሕመሙ ሲደጋገምባቸው ቆይቶ፣ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በከባድ ስትሮክ ተመትተው ሰውነታቸው ዛለ፤ ንግግራቸውም ታሠረ። ያን ጊዜ በከተማውም ሆነ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ «ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል» የሚል ወሬ ተነዛ። ለኢሉባቦር ሰው ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። መቀመጫቸውን በጎሬ አድርገው ኢሉባቦርን ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆነው በቤተ መንግሥቱ የተቀመጡት በዚያ ሕመም ምክንያት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ቈይተው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዘመኑ በማንም አገር ለዚህ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ስላልነበረ ወሬው ከሕክምና አላስቀራቸውም። ዛሬ ግን መራዡን ሲፈልግ የሚውል ቤተ ሰብ በሽተኛውን ያስቀራል። መርዝ የሰውነትን ግማሽ መርጦ የሚያዝለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት የገባበት ሰው ያስመልሰዋል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የሁለቱም ዐይኖቹ ብሌን ይጠባል፤ ድካሙም በመላ አካላቱ ነው።

እስካሁን የተናገርነው በቤት ሊለይ ስለሚችለው ነው። በቤት ፈጽሞ የማይለይ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ቧንቧው ተደፍኖ ነው ወይስ ፈንድቶ የሚለው ነው። የቱንም ያህል የሠለጠነ ሐኪም በዐይኑ አይቶ ይህን በርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ የሚለየው ሲቲ ስካን የሚባለው የራስ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሕክምናቸውም ተቃራኒ ነው። ለተደፈነው የሚሰጠው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለፈነዳው መርዝ ይሆናል። ስለዚህ «ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምተናል» ብሎ አስፕሪን ማስዋጥ አይገባም። የጎረቤትን የደም ግፊት ኪኒን ማስዋጥም እንዲሁ ነው፤ በተደፈነ ቧንቧ በኩል የቀረችውን ጥቂት ደም የሚገፋት ያ ከፍ ያለው ግፊት ሊሆን ይችላልና፣ በድንገት ማውረዱ የቀረውን አንጎል ያደርቃል። ነጭ ሽንኩርት ማስበላት፣ ሎሚ መጨመቅ፣ ዋግምት ማድረግም የሚያመጡት ጊዜ ማጥፋትን ነው። ስትሮክ የያዘው ሰው ጉሮሮውም ሊዝል ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ውሃም፣ ቡናም፣ መድኃኒትም አይስጡት። ጠበል ያደረሰ ሰው ቢኖር ግንባሩንና ደረቱን ይርጭለት፤ በአፉ ግን አያጠጣው። ወደ ጠበል ቦታ ለመውሰድ ያሰበም ከሐኪም ቤት መልስ ያድርገው።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ስካኑ ከታየ በኋላ ነው። በአገራችን በሰፊው አልተዳረሰም፤ ከመቱ ሆኖ በዚያ ሰዓት ውስጥ እርሱ ወዳለበት መድረስም ለብዙዎች የማይቻል ነው። «እንግዲያው መቸኮሉ ለምን?» የሚል ቢኖር መልስ አለን። የስኳር ማነስ ሆኖ ቢገኝ የሚያድነው መቸኮሉ ነው፤ ወባ ቢሆን የሚያድነው መቸኮሉ ነው። ስትሮክም ሆኖ ቢገኝ ያለዚያ ውድ መድኃኒት የሚደረግ ብዙ ነገር አለ፤ ትንፋሹን መጠበቅ፣ የደም ግፊቱን በልክ መያዝ፣ ትኵሳቱን ማብረድ፣ መዋጥ መቻሉን መርምሮ ምግብ ወደ ሳምባው እንዳይገባ ማድረግ፣ በጊዜ አካሉን ማንቀሳቀስ ነው። በስትሮክ ከሚሞቱት ብዙዎች ከመጀመሪያው ጉዳት ተርፈው ኋላ በሳምባ ምች የሚወሰዱ ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት መለያ፣ መጀመሪያ የደም ስኳር ይለካል፤ ከዚያ የፊት፣ የክንድ፣ የእግር፣ የንግግርና የእይታ ጉድለት ለያንዳንዱ አንድ አንድ ነጥብ ይጨመርበታል፤ ራስን ስቶ መውደቅና መንፈራገጥ ደግሞ አንድ አንድ ነጥብ ይቀንሳሉ። ይህ ለሐኪሞች የተዘጋጀ ቢሆንም የቤተ ሰብ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚመዝን ያሳያል፤ ሁለቱን የሚቀነሱ ነጥቦች ሐኪሙ ከቤተ ሰቡ አፍ ካልሰማ ከየትም አያገኛቸውምና። ጥርጣሬው ካልጠራ እንደ ስትሮክ ቈጥሮ መሄድ ይሻላል። ሌላውን ሕመም ስትሮክ መስሎት የሄደ ሰው የሚያጣው የመኪና ኪራይና አንድ የሥራ ቀን ነው፤ ስትሮኩን ብርድ መስሎት የተቀመጠ ሰው የሚያጣው ቀኝ እጁን ነው።

ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሕመሙ ስንት ሰዓት ጀመረው?» ብሎ ነው። በአገራችን መልሱ «ቡና ሲጠጣ» ወይም «ዶሮ ሲጮኽ» ይሆናል። ይህም ክፉ መልስ አይደለም፤ ወደ ሰዓት ይመለስ ብቻ። አቦሉን ይዞ ሲጫወት ነበር፤ ቶናው ሲቀዳ ሲኒው ወደቀ የተባለ እንደሆነ፣ ቡናው በስንት ሰዓት እንደ ቀረበ ማስታወስ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ ታሞ የተገኘ ሰው ግን ሕመሙ የጀመረው በነቃበት ሰዓት ነው አይባልም። ለኪዳን ሲነሣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እግሩ ከከዳው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ደኅና እደሩ ብሎ ከተኛ፣ ለሐኪሙ የሚነገረው የምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ በደኅና የታየበት የመጨረሻው ሰዓት ነውና። ይህ ሰዓት በወረቀት ይጻፍ። ከወረቀቱ ጋር የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ፣ ባዶ ካርቶናቸውም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት ይያዙ።

መኪናውን በተመለከተ፣ በየወረዳው ያሉት አምቡላንሶች በተለይ ለወላዶች የታሰቡ ስለሆኑ ሁልጊዜ ክፍት ሆነው አይገኙም። የወረዳውን አምቡላንስና የጤና ጣቢያውን ስልክ፣ ቀይ መስቀል ባለበት ከተማም 907ን፣ በጤና ጊዜ በበር ጀርባ ጽፎ መለጠፍ ይገባል። ሲቲ ስካን የሚሠራው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነም ጤና ጣቢያው ደውሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው፤ ማሽኑ የተበላሸበት ቦታ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በመንገድ ላይ በሽተኛው በጎኑ ይተኛ፤ የሚያስመልሰው ከሆነ አፉ ወደ ታች ያዘንብል። በዘለው ክንዱ አይጎተት፤ ትከሻው በቀላሉ ይወልቃልና።

ከያዮ ወደ መቱ የሚወሰድ አንድ ሰው ሑሩሙ ሲደርስ ድንገት እጁ ሊመለስለት፣ ንግግሩም ሊጠራለት ይችላል። ሁሉም እግዚአብሔርን ያመሰግናል፤ በሽተኛውም «መልሱኝ፤ ቡናዬ በአውድማ ላይ ነው» ይላል። የረጋው ደም ለጊዜው ሟሙቶ ቧንቧው ተከፍቶለት ይሆናል። እንዲህ ያለ አልፎ የሄደ ሕመም ዋናው ስትሮክ የሚመጣበት ማስታወቂያ ነው፤ አደጋውም ከሁሉ የሚከፋው በሚቀጥሉት ሁለት ቀኖች ውስጥ ነው። መኪናው ወደ መቱ ጉዞውን ይቀጥል። እዚያ የልቡ አመታት ይመረመራል፣ የደም ግፊቱና ስኳሩ ይለካል፣ ደም አለመፍሰሱ በስካን ከተረጋገጠም በቤት የከለከልነው አስፕሪን ያን ጊዜ በሐኪም እጅ ይሰጠዋል።